«አንጀቴ ውስጥ የሞቱ ሴሎች አሉ ተባልኩ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ናሙና ማየት ነው። ሐኪሞች ከታማሚ አካል ቆንጥረው የሚልኩትን ቁራጭ በማይክሮስኮፕ እመረምራለሁ፤ ያየሁትን እጽፋለሁ። ወረቀቱ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ማን እንዳነበበው፣ አንብቦም ምን እንደተሰማው ብዙ ጊዜ አላውቅም። ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ግን አሳወቀኝ። እኔም ባልደረቦቼም በየቀኑ የምንጽፈውን አንድ ዓረፍተ ነገር አንብበው እንቅልፍ ያጡ ሴት ናቸው የጻፉልኝ። የዛሬውን አምድ ሰፊ ቦታ የሰጠሁት ለእሳቸው ነው። ሌሎቹም ጥያቄዎች ከዚሁ ጉዳይ ብዙ አይርቁም። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ሆዴን እየቆረጠኝና እያስቀመጠኝ ወራት ስላለፉ ሐኪሜ በኮሎኖስኮፒ አይተው ከትንሹ አንጀቴ መጨረሻ ላይ ናሙና ወሰዱ። ቀጠሮዬ ገና ሳምንት ይቀረዋል። ውጤቱ ግን ቀድሞ እጄ ገባ። «ንቁ የሊምፍ ፎሊክሎች ታይተዋል፤ የሞቱ ሴሎችን ስብርባሪ የዋጡ ማክሮፌጆች አሉ፤ የካንሰር ምልክት አልታየም» ይላል። ካንሰር የለም ማለቱን አይቻለሁ። ግን ለምንድን ነው ሴሎቼ የሚሞቱት? ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ የሚሞቱት ከበሽታ የሚከላከሉልሽ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መከላከያዬ እያለቀ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞዎት። ጎረቤትዎ ልክ ናት፤ የሚሞቱት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ያስፈራዎት መስመር ግን እኔ ሳየው የምረጋጋበት መስመር ነው። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ልንገርዎ።

በትንሹ አንጀት ግድግዳ ውስጥ፣ በተለይ ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ በዓይን የሚታዩ ሞላላ ንጣፎች አሉ። ዮሐን ኮንራድ ፔየር የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም በ1677 ስለገለጻቸው የፔየር ንጣፎች ይባላሉ። እሱ ፈሳሽ የሚያመነጩ ዕጢዎች መስለውት ነበር። ዛሬ የበሽታ መከላከያችን ሠፈሮች መሆናቸውን እናውቃለን። ብብትና አንገት ላይ ሲያብጥ ንፍፊት ከምንለው ነገር ጋር ዘመዳሞች ናቸው። የብብቱ ሥራ የሚበዛበት ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ሲመጣ ነው። የአንጀቱ ግን እረፍት የለውም። ከምንበላው ጋር የሚገባውም፣ እዚያው የሚኖረውም ባክቴሪያ አንድ ቀን እንኳ አይለየውም። ንጣፉ አናት ላይ የተቀመጡ ልዩ ሴሎች አንጀት ውስጥ ካለው ነገር እየቀነሱ ወደ ታች ያቀብላሉ። ታች ደግሞ ቢ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይጠብቃሉ።

እነዚህ ቢ ሴሎች የሚያደርጉት ነገር ዛሬም ይደንቀኛል። ፎሊክል በሚባለው ክብ ቦታ መሐል ተሰብስበው በፍጥነት ይባዛሉ። እየተባዙም ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩበትን ጂን ራሳቸው ይቀያይሩታል። አንድ ፊደል እዚህ፣ ሌላ ፊደል እዚያ። ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ለጥቂቱ ከባክቴሪያው ጋር የተሻለ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል ይወጣለታል። የብዙው ወይ ይበላሻል፣ ወይ እንደነበረው ይቀራል። ቀጥሎ ፈተና አለ። የተሻለው ሴል፣ ቲ ሴል ከሚባለው ረዳት «ኑር» የሚል ምልክት ያገኛል። ምልክቱን ያላገኘው ይሞታል። ማንም አይገድለውም። ራሱን በራሱ ያፈርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ስም ልጥቀስ፤ ኋላ ያስፈልገኛል። ቢሲኤል-2 የሚባል ፕሮቲን አለ። ሴል ራሱን እንዳያፈርስ የሚይዝ ፍሬን ነው። በፎሊክሉ መሐል ያሉት ቢ ሴሎች ይህን ፍሬን ለቀውታል። «ኑር» የሚላቸው ካላገኙ ቁልቁል ነው። በአይጥ ላይ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ጥናት፣ በየ6 ሰዓቱ እስከ ግማሽ የሚሆኑት እንደሚሞቱ አሳይቷል። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳየው ተሳስቼ ያነበብኩ መስሎኝ ደግሜ አነበብኩት።

ፈተናውን ያለፉት ናቸው አይጂኤ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ለአንጀት የሚሠሩት። ሰውነታችን በየቀኑ የሚሠራው አይጂኤ፣ ሌሎቹ ፀረ እንግዳ አካላት በሙሉ ቢደመሩ ይበልጣቸዋል። በግራም የሚመዘን ነው። ስለዚህ መከላከያዎ እያለቀ አይደለም እህቴ። እየተመረጠ ነው።

አሁን ወደ ናሙናዎ ልምጣ። የእርስዎን አላየሁትም፤ አምሳያውን ግን ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ቁራጯ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ናት። በሰም ተይዛ በስሱ ትቆረጣለች፤ ውፍረቷ 4 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። ከዚያ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ትነከራለች። ከሩቅ ሳያት ፎሊክሉ ጠቆር ያለ ክብ ነው፤ ሴል በሴል ላይ ተጨናንቆበታል። መሐሉ ላይ እዚህም እዚያም ነጣ ያሉ ቀዳዳ የሚመስሉ ቦታዎች አሉ። አጉልቼ ስጠጋ እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ትልቅ ሴል ሆኖ ይገኛል። ማክሮፌጅ ነው፤ የሞተውን እየዋጠ የሚያጸዳ ሴል። ውስጡ ሦስት አራት ጥቁር ፍርፋሪ አለ። አንዱ ድፍን ክብ፣ አንዱ የጨረቃ ግማሽ፣ አንዱ አቧራ ብቻ። እነዚያ ፍርፋሪዎች ፈተናውን ያላለፉት ቢ ሴሎች ናቸው። ዋልተር ፍሌሚንግ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 «ቀለም የሚይዙ አካላት» ብሎ ጽፏቸዋል፤ ዛሬም በዚያው ስም እንጠራቸዋለን። መላው መልክ ኮከብ የፈሰሰበት የሌሊት ሰማይ ይመስላል።

ገና ተለማማጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ስላይድ ሰጡኝ። ፍርፋሪውን አየሁና «የሴል ጉዳት አለ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ ወረቀቴን አነበቡ። አልተቆጡም። አጠገባቸው አስቀመጡኝና ሌላ ስላይድ ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረጉ። እሱም ፎሊክል ነው። ክቦቹ እኩል፣ ተጠጋግተው የተደረደሩ። ሴሎቹ ሁሉ አንድ መልክ። ሰማዩ ላይ አንድም ኮከብ የለም። «ምን ጎደለሽ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «የሞተ የለም። ሰውዬው ሊምፎማ አለባቸው» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፎሊክል ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ፍርፋሪውን ነው።

ያ በሽታ ፎሊኩላር ሊምፎማ ይባላል፤ የእነዚህ የቢ ሴሎች ካንሰር ነው። በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ የ14ኛውና የ18ኛው ክሮሞሶም ቁራጮች ቦታ ይለዋወጣሉ። በዚህ የተነሳ የቢሲኤል-2 ጂን ሳያቋርጥ ይሠራል። ፍሬኑ እንደተረገጠ ይቀራል። መሞት የነበረበት ሴል ይቆያል፤ ይከማቻል። ስለዚህ አንድ ፎሊክል ሲያጠራጥረን ቢሲኤል-2ን የሚያሳይ ቀለም እንቀባለን። የጤነኛው መሐል ቀለም ሳይዝ ይቀራል። የታመመው አብዛኛውን ጊዜ ይቀለማል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስቀምጥዎ አይነግረንም። የፔየር ንጣፍ ማንም ጤነኛ ሰው አንጀት ላይ አለ። በቀጠሮዎ ቀን «የቀረው የአንጀቴ ሽፋንስ ምን ይመስላል? ሥር የሰደደ ብግነት አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ በፊት በሰገራ ደም ካዩ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሳያስቡት ከከሱ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። አፖፕቶሲስን፣ ሴል ራሱን በራሱ የሚያፈርስበትን ሞት፣ ለፈተና ሸምድጄ አልፌያለሁ፤ ግን ከልቤ አልገባኝም። ሞት ሞት ነው። ሴል እንዲህ ሞተ እንዲያ ሞተ፣ ለአንጀቱ ምን ለውጥ አለው?

መልስ፦ ለውጡ ያለው የሴሉን ሞት ማን ሰማ የሚለው ላይ ነው ልጄ።

አንድ ቢ ሴል «ኑር» የሚል ሳያገኝ ቀረ እንበል። የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ሳይቶክሮም ሲ የሚባል ፕሮቲን ያፈሳል። ያ ካስፔዝ የሚባሉትን ቆራጭ ኢንዛይሞች ያስነሳል። የሴሉ አጽም ይቆራረጣል። ዲኤንኤው 180 ፊደል ገደማ እየሆነ፣ ወይም በዚያው ብዜት፣ ይቆረጣል። ሴሉ ይኮማተራል፤ በትንንሽ ከረጢት ይከፋፈላል። ከሁሉ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በጤናው ጊዜ በሽፋኑ የውስጥ ገጽ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ፎስፋቲዲልሰሪን የሚባል ቅባት አለ። ሴሉ ሲሞት ያን ቅባት ወደ ውጭ ይገለብጠዋል። ለማክሮፌጁ «ና ብላኝ» ማለቱ ነው። ማክሮፌጁ መጥቶ ይውጠዋል። ከሆዱ ምንም ሳይፈስ፣ ጎረቤቱ ሳይሰማ፣ ነገሩ ያልቃል።

ስሙ ራሱ ከዚህ ጋር ይሄዳል። ጆን ከር፣ አንድሩ ዋይሊና አላስቴር ከሪ በ1972 ነው አፖፕቶሲስ የሚለውን ቃል ያስገቡት። ቃሉን የሰጣቸው የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ የግሪክ ቋንቋ ፕሮፌሰር ጄምስ ኮርማክ ናቸው። ከአበባ የአበባው ቅጠል፣ ከዛፍ ቅጠሉ ሲረግፍ ማለት ነው። መርገፍ በሥርዓቱ ያለ ነገር ነው። አንዲት ትንሽ ትል አለች፣ ሲ ኤሌጋንስ የምትባል። ስታድግ ከምትሠራቸው 1,090 ሴሎች 131ዱ ሁልጊዜ በተወሰነላቸው ሰዓት ይሞታሉ። እሷን ያጠኑት ሲድኒ ብሬነር፣ ሮበርት ሆርቪትዝና ጆን ሰልስተን በ2002 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

አሁን ሌላውን ሞት ተመልከቺ። ሺጌላ የተባለው፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ አንጀት ውስጥ የሚገባው ከሊምፍ ፎሊክሎቹ አናት ላይ ባሉት በእነዚያው አቀባይ ሴሎች በኩል ነው። መከላከያው ራሱ በከፈተው በር ማለት ነው። ከእነሱ ሥር የተቀመጠው ማክሮፌጅ ይውጠዋል። ማክሮፌጁ ግን የዋጠውን ያውቅና ይፈነዳል። ሽፋኑ ተበስቶ ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይፈሳል፤ ከዚያም ውስጥ ለአካባቢው «እሳት ተነሳ» ብለው የሚጮሁ ፕሮቲኖች አሉ። ነጭ የደም ሴል ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ብግነቱ የአንጀቱን ሽፋን ያቆስላል። ይህ ሞት በ1992 ሲታተም አፖፕቶሲስ ነው ተብሎ ነበር። በ2001 ሌላ ስም ወጣለት፤ ፓይሮፕቶሲስ። እሳት የሚለው የግሪክ ቃል የገባበት ለዚህ ነው። ለፈተና የሸመደድሽው መጽሐፍ ሁለቱን በአንድ መስመር ካለፋቸው፣ ያልገባሽ አንቺ ሰነፍ ሆነሽ አይደለም።

ታይፎይድም በዚሁ ሠፈር ነው የሚገባው። የፔየር ንጣፎች ያብጣሉ። ሳይታከም ከቆየ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ያበጠው ሥጋ ሞቶ ይረግፍና ቁስል ይተዋል። ቁስሉ ሞላላ ነው፤ ቁመቱ በአንጀቱ ርዝመት የሚሄደው ንጣፎቹ እንደዚያ ስለተዘረጉ ነው። ከጠለቀ አንጀቱን ይበሳል። ቁስሉን ያየ ሰው የንጣፉን ቅርጽ አየ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ክሮንስ የሚባል የአንጀት በሽታ አለበት። አዛታዮፕሪን ሲወስድ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ኢንፍሊክሲማብ በደም ሥር ሊጀምሩለት ነው። ሁለቱም የመከላከያ ሴሎችን ይገድላሉ ሲባል ሰማን። እናታችን መድኃኒቱን እንዲያቆም ትለምነዋለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ስለ አንጀቱ ግድግዳ ይንገሯት ወንድሜ። ቲ ሴል ሥራውን ሲጨርስ መሞት አለበት። ጀርሙን ተዋግቶ ካሸነፈ በኋላ የሚቆይበት ምክንያት የለውም። ክሮንስ ያለበት ሰው አንጀት ውስጥ ግን ቲ ሴሎቹ አይሞቱም። «ኑር» የሚል ምልክት ያለማቋረጥ ይደርሳቸዋል፤ ከላይ የጠቀስኩት ዓይነት ሞትን የሚይዝ ፍሬንም ይበዛባቸዋል። የሚዋጉት ሳይኖር መዋጋታቸውን አይተዉም። ወንድምዎን የሚያሳምመው ይሄ ነው።

መድኃኒቶቹ የሚሠሩት በከፊል ይህን የቀረ ሞት መልሰው ነው። አዛታዮፕሪን የተነሳሳውን ቲ ሴል ወደ አፖፕቶሲስ ይገፋዋል። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሁለት ሦስት ወር ሊወስድ ስለሚችል ብዙ ሰው «አልሠራም» ብሎ ቶሎ ይተወዋል። ኢንፍሊክሲማብ ቲኤንኤፍ የሚባለውን የብግነት ፕሮቲን ይይዛል። በ2002 የታተመ ጥናት ከታማሚዎች አንጀት መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊትና ከተሰጠ ከ24 ሰዓት በኋላ ናሙና ወስዶ ነበር። በግድግዳው ውስጥ የሚሞቱት ቲ ሴሎች ጨምረው ተገኙ። ለወንድምዎ የምንመኝለት ያን ነው።

የእናታችሁ ስጋት ግን ከንቱ አይደለም። ቲኤንኤፍ የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳን አፍኖ የሚይዝ ነው። ስለዚህ ኢንፍሊክሲማብ ከመጀመሩ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ መደረግ አለበት፤ ካልተደረገ ጠይቃችሁ አስደርጉ። አዛታዮፕሪን የሚወስድ ሰውም የደም ሴል ቁጥሩና ጉበቱ በየጊዜው ይታያል። በራስ ፈቃድ ማቆም ግን አደጋ አለው። እናታችሁ ሐኪሙ ዘንድ አብራ ትሂድና የፈራችውን ሁሉ እዚያው ትጠይቅ።

ጥያቄ፦ ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ መኖሩን ካወቅሁ 9 ዓመቴ ነው። መድኃኒቴን አላቋርጥም፤ ቫይረሱም በምርመራ አይታይም። ሲዲ4ም ጥሩ ነው። ሐኪሜ ግን «አንጀትህ ገና እያገገመ ነው» አሉኝ። የደም በሽታ አይደል እንዴ?

መልስ፦ ደም የምንቀዳበት ቦታ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚመስለው። አብዛኛው ሊምፎሳይት፣ ማለትም እንደ ቢና ቲ ሴል ያለው ነጭ የደም ሴል፣ ያለው ደም ውስጥ አይደለም። በንፍፊቶች፣ በጣፊያ፣ በአንጀት ግድግዳ ነው። በአንጀት ያሉት ሲዲ4 የሚባሉት ረዳት ቲ ሴሎች ደግሞ ቫይረሱ የሚገባበትን በር ከሌሎቹ አብልጠው ይዘዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ የደም ቁጥሩ ገና ደህና በሚመስልበት ጊዜ፣ አንጀት ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ሲዲ4 ሴሎች ያልቃሉ። ይህ መጀመሪያ በ1998 በዝንጀሮ ታየ፤ በ2004 ደግሞ በሰው።

አሟሟታቸው ላይ አንድ የከበደ ነገር አለ። በ2014 የታተመ ሥራ በሰው ቶንሲልና ጣፊያ ሥጋ ላይ እንዳሳየው፣ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ቫይረሱ ገብቶ ሥራውን ያልጨረሰባቸው ሴሎች ናቸው። የሚሞቱትም ለተማሪዋ በነገርኳት በእሳቱ ሞት ነው። ይፈነዳሉ። ጩኸታቸው ሌሎች ሲዲ4 ሴሎችን ይጠራል። የመጡትም በተራቸው ይያዛሉ። የአንጀቱ አጥር በዚህ መሐል ይሳሳል፤ የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ያልፋል፤ ሰውነት ለዓመታት በትንሹ ሲቃጠል ይኖራል።

መድኃኒቱ ይህን ሰንሰለት ይበጥሳል። ደም ውስጥ ያለው ቁጥር ቶሎ ያገግማል። የአንጀቱ ዘግየት ይላል፤ በብዙ ሰው ላይም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሕክምናውን በጊዜ የጀመረ ሰው ብዙ ያተርፋል። ሐኪምዎ ያሉት ይህንን ነው፤ አዲስ በሽታ ያዘህ ማለታቸው አይደለም። 9 ዓመት ሳያቋርጡ መውሰድ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንጀትዎ ያገገመው በዚያ ነው። ይቀጥሉበት።

ጥያቄ፦ «የመከላከያ ሴሎች እንዳይሞቱ የሚያደርግ» የሚል ኪኒን አገኘሁ። ልጀምረው?

መልስ፦ አይጀምሩት። ነጭ የደም ሴሎቻቸው የማይሞቱላቸው ልጆች አሉ። ፋስ በተባለ ጂን ላይ ስህተት ይዘው ይወለዳሉ፤ ምክንያቱ በ1995 ነው የታወቀው። ፋስ ለሊምፎሳይቱ «በቃህ» የሚለው መቀበያ ነው። እነዚህ ልጆች ገና በሕፃንነታቸው አንገታቸውና ብብታቸው በንፍፊት ይሞላል። ጣፊያቸው ያብጣል። መሞት የነበረባቸው ሴሎች የራሳቸውን ቀይ የደም ሴልና ደም የሚያረጋውን ፕሌትሌት ያጠቃሉ። ከፍ ሲሉም ለሊምፎማ ያላቸው ተጋላጭነት ከሌላው ሰው ይበልጣል። እሽጉን ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱና ውስጡ ምን እንዳለ ያሳዩዋቸው፤ መውሰድ ጀምረው ከሆነም ይህንኑ ይንገሯቸው።